ሬሳው ያልተገኘ ተዋናይ

ቤኪሲዝዌ ምባታ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው በክፋት ነው። «የቅምጥሎች ኮረብታ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሲልቨር ማኮኔ የሚባል የማዕድን ቱጃር ነበር። ሰኞ ያታልላል፣ ማክሰኞ ይዘርፋል፣ ረቡዕ ያገባል፣ ሐሙስ ያገባትን ይክዳል፣ ዓርብ ደግሞ የተመልካቹን ልብ ሰቅሎ ለማሳደር አንዱ ላይ ሽጉጥ እንደደገነ ይቀራል። ከዚያ ሁለት ቀን ያርፋል። እግዜር እንኳ ለዕረፍት የወሰደው አንድ ቀን ነው።

ያስቀጠረው ፊቱ ነው። ንቁቱ ከተባለች የገጠር ከተማ ወደ ጆሃንስበርግ የመጣው የቤት ዕቃ ሊያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ወደ ስቱዲዮው ሶፋ ተሸክሞ ሲገባ ዳይሬክተሩ ሶፋውን ትቶ እሱን አየና «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ምንም አላደረገም፤ ሶፋው ከብዶት ነው። ግን ያ ግንባር ሲቋጠር ከነቤተሰቡ ሰው የፈጀ ያስመስለዋል። በሳምንቱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያስፈራራ ተቀረጸ።

አገሩ እንዳለ ጠላው። ገበያ መሃል አንዲት ሴትዮ በጥቅል ጎመን ጀርባውን ደልቃዋለች።

«የእህትህን ልጅ መርዝ ያጠጣህ! አውሬ!»

«እማማ፣ ድራማ እኮ ነው።»

«ድራማ ነው ብለህ ነው ሕፃን የምትመርዘው?»

ይህን ታሪክ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ያማርራል። «መኖር አልቻልኩም፣ ሕዝቡ ድራማና እውነት አይለይም» ይላል። ሐቁን ተናገር ካላችሁኝ ግን፣ ማንም ሳይሰድበው ሳምንት ካለፈ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በድራማው አራት ጊዜ አግብቷል። በእውነተኛው ኑሮ አንድ ጊዜ አግብቶ ሚስቱ ጥላው ስትሄድ «እቤትም ቴሌቪዥን ላይም ያው ነህ። ልዩነቱ እዚያ በሰዓትህ መገኘትህ ነው» ብላዋለች።

አባቱ የተቀበሩ ዕለት እሱ በድራማው አራተኛ ሚስቱን ሲያገባ ነበር። አዳራሹ ተይዟል፣ ኬኩ ተጋግሯል፣ ሁለት መቶ አጃቢ ተቀጥሯል፤ ሙሽራው ከየት ይምጣ? የሬሳ ሳጥንና አውቶብስ ላከ፣ ራሱ ቀረ። እናቱ ማምሶሚ ምንም አላሉትም። ቢቆጡት ሄዶ እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። ዝም ስላሉት ግን ፊታቸውን ማየት ፈራ፤ «በበዓሉ እመጣለሁ፣ ቀረጻ ሲያልቅ እመጣለሁ» እያለ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁለት ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። አንደኛው፣ በድራማ ላይ ጉንፋን የሚባል ነገር የለም፤ ያሳለ ሁሉ ይሞታል። ስለዚህ ተዋናይ አዲስ ጽሑፍ ሲደርሰው ታሪኩን አያነብም። ስሙን ይፈልግና ከሥሩ ሳል መኖር አለመኖሩን ያያል። ሁለተኛው፣ ሬሳው ያልታየ ሰው አልሞተም። በእሳት ይጋይ፣ ከአውሮፕላን ይውደቅ፣ ፊቱ በሳጥን ውስጥ እስካልታየ ድረስ ከሁለት ዓመት በኋላ ጢም አሳድጎ የሰው ሰርግ መሃል በር በርግዶ ይገባል።

አዲሷ ፕሮዲዩሰር ሬፊልዌ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት ቤኪ ጽሑፉን ገለጠ። ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ «ሲልቨር ያስላል» ይላል። ጽሑፉን እንደያዘ ቢሮዋ ገባ።

«ይሄ ሳል ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ባባ ቤኪ፣ ይቀመጡ። ወጣቱ ተመልካች ሰልችቶታል። እርስዎን ማለቴ አይደለም፤ ሲልቨርን ነው።»

«ሳንባ ነው?»

«ሳንባ ነው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ይተኛሉ፣ ከዚያ ቀብር። ሳጥኑን ከፍተን ፊትዎን በቅርብ እናሳያለን። በጣም ነው የሚያምረው።»

ቤኪ ከመቀመጫው ተነሣ። «ሳጥን ውስጥ አልተኛም! በእኛ ዘንድ ይሄ ነውር ነው። በቁሙ ሳጥን ውስጥ የገባ ሰው አያቶቹ ምን ይሉታል?»

«ፍየል እናርድልዎታለን፤ በጀት ላይ አለ። ‹ፍየልና ልዩ ልዩ› ይላል።»

«እናቴ የልብ በሽተኛ ናት። አይታኝ ክው ብላ ትቀራለች።»

«የተዋናይ እናት ሁሉ የልብ በሽተኛ ናት፣ ባባ። እስካሁን አንድም ጤነኛ አልገጠመኝም።»

አያቶቹም እናቱም እንዳላዋጡት ሲያይ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። «በውሃ አድርጊው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪናዬን ይዤ ግድብ ውስጥ ልግባ። ሆስፒታሉም፣ ሳጥኑም፣ ፍየሉም ይቀርልሻል።» ሬፊልዌ ትንሽ አሰበችና ሳቀች። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሞት ስለሆነ ተስማማች።

ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲልቨር ማኮኔ በሦስት ሚሊዮን ሰው ፊት ከነመኪናው ግድብ ገባ። አረፋ ብቻ ታየ። ቤኪ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ «ሬሳ የለም!» ብሎ ብቻውን አጨበጨበ።

ከዚያ የስልክ ጥበቃ ሆነ። መታጠቢያ ቤት ሲገባ ስልኩን ይዞ ይገባል። ገንፎውን ሲያማስል ስልኩን ከድስቱ አጠገብ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ወር ገበያ ወጣ ሲል አንድ ጎረምሳ አስቆመውና «ጋሼ፣ ያንን ሟቹን ሲልቨርን እንዴት ነው የምትመስለው! ነፍሱን ይማር፣ ክፉ ነበር» ብሎት አለፈ። ቤኪ አምርሮ አለቀሰ። ጎመን የሚወረውርበት እንኳ አጣ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አጎቱ ሙዚዋኬ ናቸው፤ የአባቱ ታናሽ ወንድም። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የእሾህ ቅርንጫፍ ይዘዋል። ዛፉ የኛ ቁርቁራ ዘመድ ነው። አንዱ እሾህ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ይታጠፋል። እነሱ ዘንድ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው ነፍስ መንገድ ስለሚጠፋት፣ ዘመድ በዚህ ቅርንጫፍ ከሞተበት ቦታ ቀስቅሶ እያነጋገረ ቤት ያደርሳታል።

«ደህና አደርክ፣ ሻንዱ» አሉት በነገዳቸው የክብር ስም። «የት ነው የሞትከው?»

«አጎቴ! ይግቡ እንጂ! ምን አሉኝ?»

«የት ነው የሞትከው ነው የምልህ። ቦታውን አሳየኝና እንሂድ፤ ታክሲ ያመልጠናል።»

«አጎቴ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም!»

«አየሁህ፤ ዓይን አለኝ። እናትህም ታውቃለች። ግን መኪናህ ውሃ የገባች ማታ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዬዬ ብሎ አለቀሰ። አባትህ ከበረቱ ጎን መቃብሩ ውስጥ ተኝቶ ልቅሶውን ሰማ። ሰምቶ ሊቀበልህ ወጣ፤ አንተ የለህም። ይኸው ላሞቹ ወተት ከለከሉ። አያቶችህ ቴሌቪዥን የላቸውም፣ ልጄ። ያላቸው ጆሮ ነው።»

«እኔ ራሴ መጥቼ አለሁ እላቸዋለኛ!»

«ዘጠኝ ዓመት ነው እመጣለሁ ያልከው። በሕይወትህ ልናመጣህ አልቻልንም። እንደ ሟች እንሞክርህ ብለን ነው።»

ቤኪ ሊስቅ አስቦ የአጎቱን ፊት አየና ተወው። ጫማውን አጠለቀና ግድቡ ድረስ ወሰዳቸው።

ግድቡ ዳር ሦስት ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቅርንጫፉን ወደ ውሃው ዘርግተው፣ በሙሉ ድምፃቸው ጀመሩ፦

«ቤኪሲዝዌ! የምባታ ልጅ፣ የማምሶሚ ልጅ! እኔ ነኝ፣ ሙዚዋኬ። ተነሥ፤ ልወስድህ መጥቻለሁ። እዚህ ምን አለህ? እዚህ ሁሉም በሌላ ሰው ስም ነው የሚጠራህ። እኛ በስምህ እንጠራሃለን። ና፣ እንሂድ።»

ዓሣ አጥማጆቹ መንጠቋቸውን ጣሉ። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፤ የሟቹን ልቅሶ ሟቹ ራሱ ከኋላ ቆሞ ሲሰማ በየቀኑ አይገኝም። ቤኪ ዕድሜውን ሙሉ እንባ ለማምጣት ከዓይኑ ሥር ሽንኩርት ሲያሽ የኖረ ሰው ነው። ያለ ሽንኩርት ሲመጣበት ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ጠፋው።

ሽማግሌው ቅርንጫፉን አቀበሉት። «እንካ፣ ራስህን ያዝ።»

«እኔ? የሚይዘው እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«በደንቡ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ግን የያዘ ሰው ቤት እስኪደርስ ከነፍሱ በቀር ከማንም ጋር አያወራም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ተራ አስከባሪ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አምስት ሰዓት ዝም ካልኩ እኔንም ትቀብሩኛላችሁ። አንተ ያዝ። ወንዝ ስንሻገር፣ ከተማ ስንደርስ ለሟቹ ንገረው። ከሌላ ሰው ጋር አንዲት ቃል ከተናገርክ እዚያው ጣልከው ማለት ነው። ከዚያ ማንም አያገኘውም።»

ታክሲ ተራ ሲደርሱ ሽማግሌው «ሦስት ሰው» አሉ። ተራ አስከባሪው ቆጠረ፤ ሁለት ናቸው። ቅርንጫፉን አየና ሳይከራከር ኮፍያውን አውልቆ የመስኮቱን ወንበር ለነፍሱ ለቀቀ። ቤኪ ባዶው ወንበር አጠገብ ተቀመጠ።

ከፊቱ የጫጩት ካርቶን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ሴትዮ ዞር አለችና ጮኸች።

«በስመ አብ! ሲልቨር! አለህ እንዴ?»

ቤኪ ከንፈሩን ነከሰ።

«ሞቷል» አሉ አጎቱ። «እየወሰድነው ነው።»

«ቅርንጫፉን የያዘውስ?»

«እሱው ነው።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «አይ ሲልቨር! ሞተህም ሰው አታምንም!» ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ቤኪ ግን አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ከሁለት ወር በኋላ ሰው ስላወቀው ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ስላለው ደግሞ አፈረ።

የቫልን ወንዝ ሲሻገሩ ጎንበስ ብሎ «ቤኪ፣ ወንዝ እየተሻገርን ነው» አለ። መጀመሪያ በሲልቨር ድምፅ ነው የወጣው፤ ወፍራም፣ የሰለጠነ። ስታንደርተን ላይ «ቤኪ፣ ከተማ ደርሰናል» ሲል ድምፁ ቀጠነ። ቮልክስረስት ሲቃረቡ ማንም ያላዘዘውን ጨመረ። «ቤኪ፣ አባትህ የሞተ ጊዜ በዚህ መንገድ መሄድ ነበረብህ። ኬክ ስትቆርስ ዋልክ። ምን ልትላቸው ነው?» ሴትዮዋ ጫጩቶቿን ዝም ለማሰኘት ካርቶኑን እሹሩሩ አለች። አጎቱ መስኮቱን ያያሉ፤ ዓይናቸው ርሷል። ቤኪ ያን ሰዓት እናቱን ማየት ፈለገ። ከምንም ነገር በላይ ፈለገ፤ ይህን ውሸት ነበር የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

ስልኩ የጮኸው ይሄኔ ነው።

ሬፊልዌ ናት። ጮኸ፣ አቆመ፤ ጮኸ፣ አቆመ። ከዚያ መልእክት ገባ። ቤኪ ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ይዞ አነበበ፦ «የግድቡ ቪዲዮ አገር ምድሩን አዳርሷል። ሕዝቡ ሲልቨር ይመለስ እያለ ነው። የሲልቨር መንትያ ወንድም ሆነው ይገባሉ። ነገ ማለዳ ቀረጻ። እስከ አሥር ሰዓት በድምፅዎ እሺ ካላሉኝ ለሌላ ተዋናይ እሰጠዋለሁ።»

ሰዓቱን አየ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ ዞር ብላ ከእጁ ላይ አንብባ ጨርሳለች።

«መንትያ!» አለች ለታክሲው ሁሉ። «መንትያው ሆኖ ሊመለስ ነው!»

«አንሣ በለው! የሰው እንጀራ አይደል?» አለ ከኋላ አንድ ወጣት።

«ነፍሱን በስልክ ሊጥላት?» አሉ አንዲት አሮጊት። «በቀረጻ ያድናት እንደሆነ እናያለን!»

ቤኪ አውራ ጣቱን ፊደሉ ላይ አሳረፈ። መጻፍ መናገር አይደለም ብሎ ማሰቡ ነው። ወጣቱ «አዎ! ጣት አፍ የለውም!» ብሎ ደገፈው።

«ዲዳ በምንድን ነው የሚያወራው?» አሉ አጎቱ። ቤኪ ጣቱን አነሣ።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቤኪ አጎቱን አየ፤ አጎቱ መስኮቱን ያያሉ። ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ቀርቷል። ሁለት ሰዓት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ግን «ሌላ ተዋናይ» የሚለው ቃል አንገበገበው፤ የእሱን ሽጉጥ ይዞ፣ የእሱን ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ የእሱን ጎመን የሚቀበል ሌላ ሰው ታየው።

«አለሁ!» አለ። «አለሁ፣ እህቴ! እሺ ብያለሁ! ጢም ይኖረኛል?»

በታክሲው ውስጥ የሚሰማው የጫጩቶቹ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሬፊልዌ በስልክ ትስቃለች። የት እንዳለ ጠየቀችው፤ መኪና እልካለሁ፣ ካሉበት እንዳይነቃነቁ አለችው።

አጎቱ የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረጉ። ታክሲው ቆመ። ሽማግሌው ቅርንጫፉን ከቤኪ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ወርደው አስፋልቱ ዳር ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ቤኪም ተከትሎ ወረደ።

«አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንድ ቀን ነው። ነገ ተቀርጬ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ። እውነቴን ነው።»

ሽማግሌው አልመለሱለትም። መመለስም አይችሉም፤ ቅርንጫፉን አሁን የያዙት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያልተዘጋው አፍ ለሰው ተዘጋ።

«ቤኪ፣ ልጄ» አሉ ለቅርንጫፉ፣ በእጃቸው አፈሩን ዳበስ እያደረጉ። «አትደንግጥ። ስልክ ነው የጮኸው። መንገድ ላይ ጣሉህ፤ አይዞህ፣ እኔ አንሥቼሃለሁ። ና፣ እንሂድ። እናትህ ትጠብቅሃለች።»

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ እኮ! ይኸው እዚህ ነኝ!»

«ና፣ ልጄ። ቀስ በል፤ መወጣጫው ከፍ ይላል።»

ሴትዮዋ በሩን ያዘችላቸው፣ አሮጊቷ ቦታ ለቀቁ። ሽማግሌው ነፍሱን መስኮቱ ጋ አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ። ቤኪ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ። ማንም ግባም አትግባም አላለውም። የሬፊልዌን መኪና አሰበና እግሩን አወረደ። ታክሲው ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ያን ሰዓት ግን ቤኪ የሚያስበው ስለ ጢሙ ነበር። እስኪመሽ አስፋልት ዳር ቆሞ የመንትያውን አረማመድ ሲለማመድ አላፊ መኪኖች ጡሩንባ ነፉለት።

ምሽቱን የተላከለት መኪና ውስጥ ሆኖ ለእናቱ ደወለ። ከጀርባቸው የብዙ ሰው ድምፅና መዝሙር ይሰማል።

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?»

«ቤኪ ነኝ፣ እማ! ሥራ ተገኘልኝ እኮ፤ መንትያ ሆኜ ልመለስ ነው። አጎቴ ደረሱ? እንዳትቆጪኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ።»

የማምሶሚ ድምፅ ቁጣ የለበትም፤ ያረፈ ሰው ድምፅ ነው።

«እኔ መንታ አልወለድኩም፣ ልጄ» አሉት። «የወለድኩት አንድ ወንድ ነው። እሱም ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአጎቱ ጋር ገባ። ፍየል አርደን ከአባቱ ጋር አስታረቅነው። አሁን እንግዶቼን ላስተናግድ፤ አንተም ሥራህን ሥራ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቤኪ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ደወለ፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚያነሣው ሰው አልነበረም።